ሁለተኛው መንገድም ጥገና ይፈልጋል

እስቲ ከአንድ ጥያቄ እንጀምር። በቆሎው በመጤ ተምች የተወረረበት ገበሬ መጥቶ «መድኃኒት መርጨት ሰልችቶኛል፤ ያ ተምቹን ይፈጃል የምትሉት ተርብ የት ነው የሚገኘው?» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ?

ብዙዎቻችን እዚህ ጋ ዝም እንላለን። ተርቧ መኖሯን አንብበናል፣ በፈተናም ጽፈናል። ማን እንደሚያረባት፣ ምን በልታ እንደምታድግ፣ በስንት ቀን እንደምትደርስ፣ ከማርቢያ ክፍሉ እስከ ማሳው በምን እንደምትጓዝ ግን አናውቅም። ለዚህ አለማወቃችን በከፊልም ቢሆን ተጠያቂ ነው የምለው አንድ በጣም የምወደው መጽሐፍ አለ።

መጽሐፉ የራቸል ካርሰን «ሳይለንት ስፕሪንግ» ነው፤ በግርድፉ «ዝም ያለው ጸደይ» እንበለው። ካርሰን የባሕር ሥነ ሕይወት ባለሙያ ነበሩ። መጽሐፉን ያሳተሙት በ1962 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዲዲቲና መሰሎቹ ፀረ ተባይ ኬሚካሎች በወፉ፣ በዓሣው፣ በአፈሩና በሰው ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት ለተራ አንባቢ በሚገባ ቋንቋ አስረድተዋል። 17 ምዕራፍ አለው። አብዛኛው ስለ መርዙ ነው፤ የመጨረሻው ስለ መፍትሔው። የዚህ የመጨረሻው ምዕራፍ ርዕስ «ሌላኛው መንገድ» የሚል ነው። የዛሬው ሂሴም በእሱ ላይ ነው።

«ከ60 ዓመት በፊት የተጻፈ ምዕራፍ ላይ ዛሬ ምን ያስተቻል?» ትሉ ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ስለ ተባይና ስለ ተፈጥሮ ጠላቶቹ ዛሬም የምናወራው፣ የምናስተምረውና ፕሮጀክት የምንጽፈው ያ ምዕራፍ በሣለው ሥዕል ነው። ሥዕሉ ውብ ነው። ግን አንድ ክፍል ጎድሎታል። «ክፍል» ስል ደግሞ ቃል በቃል ነው፤ በርና መስኮት ያለው፣ ቴርሞሜትር የተሰቀለበት የማርቢያ ክፍል።

መጀመሪያ፣ ካርሰን ያሉትን በሐቅ እንስማ

ካርሰን ሁለት መንገዶችን ያነጻጽራሉ። አንዱ ሰፊና ለመንዳት የሚመች ነው፤ ኬሚካሉ። መጨረሻው ግን ገደል ነው። ሌላው ብዙ ሰው ያልሄደበት ነው። በእሱ ላይ የሚያሳዩን አማራጮች ብዙ ናቸው፦ ወንድ ዝንቦችን በጨረር አምክኖ መልቀቅ፣ ነፍሳትን የሚያሳምሙ ባክቴሪያና ቫይረሶች፣ ተባይ የሚበሉ ነፍሳት፣ እንዲሁም ፓራሲቶይዶች።

ፓራሲቶይድ ምንድን ነው? አብዛኞቹ ትናንሽ ተርቦች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከግማሽ ሚሊሜትር አይበልጡም። እናቲቱ እንቁላሏን በሌላ ነፍሳት ላይ ወይም ውስጥ ትጥላለች፤ እጯ አስተናጋጁን እየበላች ታድጋለች። ትኋንና ቁንጫ ደማችንን መጥጠው ይተዉናል። ፓራሲቶይድ ግን በመጨረሻው አስተናጋጁን ይገድለዋል። ለገበሬ ቁም ነገሩ ይኼ ነው፤ አንዲት ተርብ በተወለደች ቁጥር አንድ ተባይ ቀንሷል ማለት ነው (አንዳንዴ ከአንድ አባጨጓሬ ብዙ ተርቦች ይወጣሉ)።

ካርሰን የስኬት ምሳሌዎችን ይደረድራሉ። በ1888 አልበርት ኮቤል የተባለ ሰው የካሊፎርኒያን ብርቱካን ያጠፋ የነበረውን ተባይ ጠላት ፍለጋ ወደ አውስትራሊያ ሄዶ ትንሽ ጥንዚዛ ይዞ መመለሱን ይነግሩናል። ካሊፎርኒያ በዚህ ሥራ ላይ ያዋለችው 4 ሚሊዮን ዶላር 100 ሚሊዮን ዶላር እንዳስገኘላት አንድ ባለሙያ መገመቱን ይጠቅሳሉ። ከዚያም የዘዴውን ጥቅም ያጠቃልላሉ። ሐሳባቸው ሦስት ነጥብ ነው፦ ከሌላው አንጻር ርካሽ ነው፣ ዘላቂ ነው፣ መርዝ አይተውም።

ሦስተኛው ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ «ርካሽ» እና «ዘላቂ» በሚሉት ሁለት ቃላት ላይ ነው።

ፋብሪካው የት ገባ?

ምዕራፉን ስታነቡት አንድ የሚገርም ነገር ታያላችሁ። ካርሰን ስለ መካኖቹ ዝንቦች ሲጽፉ ማርቢያውን አልደበቁም። እንዲያውም እንደ መሐንዲስ ነው የሚቆጥሩት፦ ፍሎሪዳ ውስጥ የዝንብ ፋብሪካ ተቋቁሞ በሳምንት ወደ 50 ሚሊዮን ዝንብ ያመርት እንደነበር፣ 20 ትናንሽ አውሮፕላኖች በካርቶን የታሸጉትን ዝንቦች በየቀኑ ይበትኑ እንደነበር ይዘረዝራሉ። ቁስል ውስጥ እንቁላሉን ጥሎ ከብት የሚገድለው ያ የዝንብ ዝርያ በ1959 ከደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ጠፋ።

ጥቂት ገጾች አልፎ ወደ ተርቦቹና ጥንዚዛዎቹ ሲደርሱ ግን ፋብሪካው ብን ይላል። ተርቧ ከሩቅ አገር ትመጣለች፣ ትለቀቃለች፣ ትራባለች፤ ሰውየው እጁን አጣጥፎ ያያል። የሚያረባት፣ የሚመግባት፣ የሚቆጥራት፣ የሚያሽጋት የለም።

ይህ የሆነው ካርሰን ስላላወቁ አይመስለኝም። የመረጧቸው ምሳሌዎች በአብዛኛው የአንድ ዓይነት ናቸው። በሙያው ይህ ዓይነት ክላሲካል ቁጥጥር ይባላል፤ ከውጭ የመጣ ተባይን የራሱን አገር ጠላት አምጥቶ መልቀቅና ከዚያ በኋላ ለራሱ መተው። ሌላ ዓይነትም አለ፤ ተርቧን በብዛት እያረቡ፣ በየወቅቱ እየደጋገሙ መልቀቅ። ይኼኛው እንደ ዘር ወይም እንደ ማዳበሪያ በየዓመቱ መመረት አለበት።

ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ከመጽሐፉ በፊት የነበረ ነው። በ1926 እንግሊዝ አገር አንድ የቲማቲም አምራች፣ ቅጠሉ ላይ ካሉት የነጭ ዝንብ እጮች አንዳንዶቹ ጠቁረው ያያል። ለነፍሳት ባለሙያ ያሳያል። ለካ ያጠቆረቻቸው ኢንካርሲያ ፎርሞሳ የምትባል ተርብ ናት! ቼሸንት የሚገኘው የምርምር ጣቢያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዓመት ወደ 1.5 ሚሊዮን ተርብ እያረባ ለ800 ገደማ ግሪን ሃውሶች ማከፋፈል ጀመረ። ከዚያስ? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲን የመሰሉ ኬሚካሎች መጡና ማርባቱ ቆመ። ሥራው እንደገና የተነሣው ነጭ ዝንቡ ኬሚካሉን ሲለምደው፣ በ1970ዎቹ ነው።

ልብ በሉ፤ ተርቧ አልከዳችም፣ ከዓለምም አልጠፋችም። የቆመው ፋብሪካው ነው። ፋብሪካው ሲቆም ለግሪን ሃውሱ ባለቤት ተርቧ የለችም ማለት ነው። ለካርሰን መጽሐፍ ከዚህ የተሻለ ማስጠንቀቂያ የሚሆን ታሪክ አላገኘሁም፤ በምዕራፉ ውስጥ ግን ቦታ አላገኘም።

ተርብ ለማርባት መጀመሪያ የእሳት ራት

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። ትሪኮግራማን እንውሰድ፤ በዓለም ላይ በብዛት ከሚረቡት ተርቦች አንዷ ናት። የምታጠቃው የእሳት ራቶችን እንቁላል ነው፤ አባጨጓሬው ሳይፈለፈል፣ ቅጠል ሳይነካ ነገሩ ያበቃል። ስታንሊ ፍላንደርስ የተባለ ተመራማሪ ካሊፎርኒያ ውስጥ በብዛት የማርቢያውን ዘዴ በ1920ዎቹ ሠርቶታል።

ተርቧ የምትራባው በእንቁላል ውስጥ ነው። ስለዚህ እንቁላል ያስፈልጋል። እንቁላል ለማግኘት የእሳት ራት ማርባት የግድ ነው። የእሳት ራት ለማርባት ደግሞ እህል ወይም ዱቄት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚመረጡት ጎተራ ውስጥ እህል የሚያበላሹት ዝርያዎች ናቸው፤ በእስያና በአፍሪካ በብዛት የሚሠራበት ኮርሲራ የሚባለው የሩዝ እሳት ራት ነው። እንግዲህ የተርብ ፋብሪካ ማለት በአብዛኛው የእሳት ራት ፋብሪካ ነው፤ ተርቧ የምትገባው በመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው።

ሒሳቡን እንሥራ። ብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ በሄክታር 100,000 ገደማ ትሪኮግራማ ይለቃሉ። አሥር ሄክታር ላለው አንድ መንደር በአንድ ዙር 1 ሚሊዮን ተርብ ነው፤ ሦስት ዙር ከሆነ 3 ሚሊዮን። ለእያንዳንዷ ቢያንስ አንድ እንቁላል ያስፈልጋል፤ ሁሉም ስለማይፈለፈል ደግሞ ትንሽ መጨመር አለበት። መጠኑ አያስደንግጣችሁ፤ አንድ ግራም ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል አለ። ከብዛቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ቀኑ ነው።

በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትሪኮግራማ ከእንቁላል እስከ ተርብ ለመድረስ 10 ቀን ገደማ ይፈጅባታል። ክፍሉ ከቀዘቀዘ ትዘገያለች። ማሳው ላይ ያለው የተምች እንቁላል ደግሞ በሙቀት ቦታ በሁለት ሦስት ቀን ይፈለፈላል፤ ከተፈለፈለ በኋላ ትሪኮግራማ ምንም አታደርገውም። ስለዚህ ፋብሪካው ተርቧን «በዚህ ሳምንት» ሳይሆን «ማክሰኞ» ማድረስ አለበት። ፀረ ተባይ መደርደሪያ ላይ ወራት ይቆያል፤ ተርብ ግን አትቆይም። ቀዝቃዛ ቦታ ማቆየት ቢቻልም ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ከበዛ ትዳከማለች።

«ርካሽ» ሲባል ስንት ነው?

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። ወደ ነፍሳት ማርቢያ የገባሁትም የሙቀት መቆጣጠሪያ ለመጠገን ነበር። ስለ ተርብ የማውቀው እንደ ማንኛውም ሰው «ትነድፋለች» የሚለውን ነበር፤ እነዚህኞቹ ሰውን እንደማይነድፉ እንኳ እዚያ ነው የተማርኩት።

አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም፤ ሰኞ ስንገባ የሁላችንም ፍርሃት ብርድ ነበር። ቴርሞሜትሩን ወደ ኮርሲራ ሳጥኖቹ ስከተው ግን የዱቄቱ መሐል ከክፍሉ አየር በብዙ ዲግሪ የሞቀ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ እጮች አንድ ሳጥን ውስጥ ሲበሉ ሙቀት ያመነጫሉ። መብራቱ ሲጠፋ ማሞቂያው ብቻ አልነበረም የቆመው፤ ሙቀቱን የሚያወጣው ማራገቢያም ቆሟል። እጮቹ ራሳቸውን ቀቅለዋል።

የሚያሳዝነው ግን ወዲያው የሞቱት አልነበሩም። የተረፉት አደጉ፣ የእሳት ራት ሆኑ፣ ጤነኛ መሰሉ። ከሳምንታት በኋላ እንቁላላቸው ጥቂት ሆነ፤ ከጥቂቱም ብዙው ባዶ። ሙቀት የእሳት ራቶችን የመራባት አቅም እንደሚጎዳ በኋላ አነበብኩ። ለዘር ወቅት የታሰበው ተርብ ሳይደርስ ቀረ። ማሳቸውን ለሙከራ ሰጥተውን የነበሩት ገበሬዎች «እሺ፣ ምን ይደረግ» ብለው የረጪውን ጀርባ ቦርሳ አነሡ። ልፈርድባቸው አልቻልኩም።

ርካሽነት ውስጥ የማይቆጠረው ይኼ ነው። ሌሎችም አሉ። የእሳት ራቶች ክንፍ ላይ ያለው ብናኝ ለሠራተኛው ሳንባ አደገኛ ነው፤ አየር ማጣሪያና የአፍ መሸፈኛ የሌለው ማርቢያ ሰው ያሳምማል። ከዚያ ብክለት አለ። ሃብሮብራኮን የምትባል ተርብ ማሳ ላይ ወዳጅ ናት፤ የኮርሲራ ክፍል ውስጥ ከገባች ግን እጮቹን ትፈጃለች። አንዷ ክፍል ውስጥ ጀግና የሆነችው ሌላኛው ክፍል ውስጥ ሌባ ናት!

በሽታም አለ። ለዚህ ቅርባችን ያለ ታሪክ አለ፤ ተርብ ባይሆንም የማርቢያ ክፍል ታሪክ ነው። አዲስ አበባ ቃሊቲ የገንዲ በሽታ አስተላላፊዋን የጼጼ ዝንብ የሚያረባ ማዕከል መኖሩን ብዙ ወጣት አያውቅም። ዓላማው ካርሰን ያደነቁት የመካን ወንዶች ዘዴ ነው። ኦስትሪያ ሳይበርስዶርፍ ውስጥ ከኢትዮጵያ በተወሰዱ ዝንቦች የተቋቋመ ኮሎኒ በአንድ ቫይረስ ምክንያት ወድቋል። ቫይረሱ የሚተላለፈው በምራቃቸው ነበር፤ ዝንቦቹ ደም የሚመገቡት በቀጭን ሽፋን በኩል ከአንድ ትሪ ነው፤ አንዱ ጎጆ የተመገበበትን ትሪ ቀጣዩ ጎጆም ይመገብበታል። ከመፍትሔዎቹ አንዱ ለእያንዳንዱ ጎጆ ንጹሕ ደም ማቅረብ ሆነ። መድኃኒት አይደለም፣ የዘረመል ምርምርም አይደለም፤ የትሪ አጠቃቀም ለውጥ ነው።

ቁጥሩ ሞልቶ ሥራው ሲጎድል

እንበልና ክፍሉ ሠራ፤ 1 ሚሊዮን ተርብ ቆጥረን አስረከብን። በቃ? ገና ነው።

የተርቦች ጾታ አወሳሰን ከእኛ ይለያል። በአብዛኞቹ ዝርያዎች ያልዳበረ እንቁላል ወንድ፣ የዳበረው ሴት ይሆናል። እናቲቱ የትኛውን እንደምትጥል መወሰን ትችላለች፤ ብዙ ዝርያዎች አስተናጋጁ ትንሽ ከሆነ ወንድ፣ ትልቅ ከሆነ ሴት ይጥላሉ። ታዲያ ፋብሪካው ወጪ ለመቆጠብ ለእጮች የሚሰጠውን ምግብ ቢቀንስ አስተናጋጆቹ ያንሳሉ፤ ወንዶቹ ይበዛሉ። ወንድ ተርብ ደግሞ ተባይ አይገድልም። ደረሰኙ ላይ 1 ሚሊዮን፣ ማሳው ላይ ምናልባት ግማሹ።

ሌላም አለ። ለብዙ ትውልድ ጠርሙስ ውስጥ የኖረች ተርብ መብረር አያስፈልጋትም፤ እንቁላሉ አፍንጫዋ ሥር ነው። በየትውልዱ ጠርሙስ የሚስማማቸው ብዙ ልጅ ይወልዳሉ። ፋብሪካው ሳያስበው የሚመርጠው ማሳ ላይ የማትረባዋን ነው። ለዚህ ነው ዛሬ ጥሩ አምራቾች መቁጠር ብቻ ሳይሆን የሚፈትኑት፦ ስንቷ ተፈለፈለች? ስንቷ ሴት ናት? ስንት ቀን ኖረች? በረረች ወይ? ለእነዚህ ፈተናዎች ዓለም አቀፍ መመሪያ አለ። ኮሎኒውንም ከማሳ በተሰበሰቡ ተርቦች ያድሱታል።

ካርሰን ስለ ኬሚካል ሲጽፉ «ምን ያህል ተረጨ?» ብሎ ማቆም እንደማይበቃ አስተምረውናል፤ «የት ደረሰ? ምን አደረገ?» ብለን እንድንጠይቅ። ያንኑ ጥያቄ ለተርቧም ማንሣት የእሳቸውን ትምህርት መከተል ነው እንጂ መቃወም አይደለም።

«ዘላቂ» እውነት የሚሆነው መቼ ነው?

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ካርሰን ያሉት ዘላቂነት በተግባር የታየባቸው ቦታዎች አሉ፤ ከትልልቆቹ አንዱ አህጉራችን ላይ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ሚሊበግ የሚባል ተባይ የአፍሪካን ካሳቫ ማድረቅ ጀመረ። በ1981 ጠላቱ የሆነች ትንሽ ተርብ ፓራጓይ ውስጥ ተገኘች፤ በዚያው ዓመት ናይጄሪያ ውስጥ ተለቀቀች። ከዚያ ወደ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ተዳርሳ ተባዩን አሸነፈችው። ሥራውን የመሩት ሃንስ ሄረን በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። ይህን ታሪክ ስንተርክ ተርቧንና ሽልማቱን እንጠራለን። ኢባዳን በሚገኘው ዓለም አቀፍ የትሮፒካል ግብርና ኢንስቲትዩት ካሳቫ ተተክሎ፣ ሚሊበግ ተረብቶበት፣ ተርቧ እንደተባዛችበት ግን ብዙ ጊዜ አንናገርም።

ኢትዮጵያም የዚህ ዕድል ተካፋይ ናት። ኮቴሲያ ፍላቪፔስ የምትባል ተርብ ለአገዳ ቆርቁር ከፓኪስታን መጥታ በ1993 ኬንያ ውስጥ፣ በኋላም ሶማሊያ ውስጥ ተለቀቀች። ኢትዮጵያ ውስጥ ማንም አልለቀቃትም። ተመራማሪዎች ግን እዚህ አገኟት፤ ድንበር አቋርጣ፣ ያለ ቪዛ ገብታለች። ለበቆሎና ማሽላ ገበሬው በነፃ ማለት ነው።

ስለዚህ ዘላቂነት አለ። ግን ለሁሉም ተባይ አይሠራም፤ ሲሠራም ዋጋው ቀድሞ ሌላ ቦታ ተከፍሏል። ሁሉም የመጣ ተርብና ዝንብ ደግሞ በረከት አይደለም። ካርሰን በስኬት ከሚጠቅሷቸው መካከል ጂፕሲ ሞዝ የተባለውን የዛፍ ተባይ ለመከላከል ወደ አሜሪካ የገቡት ነፍሳት አሉ። ከእነዚያ አንዱ ኮምፕሲሉራ የሚባል ዝንብ ነው። በ1906 ገባ፤ ብዙ ዓይነት አባጨጓሬ የሚያጠቃ በመሆኑ የአገሩን ትልልቅና ውብ የሐር እሳት ራቶች እየጨረሰ መሆኑ በ2000 በታተመ ጥናት ታየ። መርዝ ሲተው ማቆም ይቻላል። ሕያው ነገር ከተለቀቀ በኋላ አይጠራም። «ዘላቂ» የሚለው ቃል ይህኛውንም ትርጉም ይዟል።

ፍሎሪዳ ላይ የተሸነፈውስ ዝንብ? ከሰሜን አሜሪካ ተገፍቶ ለዓመታት የታገደው ፓናማ ውስጥ ያለ ፋብሪካ መካን ዝንቦችን ሳያቋርጥ እያመረተ ነበር። በ2023 መካከለኛው አሜሪካ ውስጥ ዳግም ተስፋፋ፤ በ2024 መጨረሻ ሜክሲኮ ደረሰ። ካርሰን በድል የዘጉት ታሪክ ዛሬም የሚበላ፣ የሚጠገን፣ የሚሰፋ ፋብሪካ ይጠይቃል።

ከረጢቱ

«እንግዲያው ለእኛ አይሆንም፤ መብራት በሚጠፋበት አገር ተርብ ማርባት ሕልም ነው» እንዳትሉ። እኔም ከዚያ ሰኞ በኋላ እንደዚያ ብዬ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ከረጢት ነው።

ኒጀር፣ ማሊና ቡርኪና ፋሶ ውስጥ የፐርል ሚሌትን ዘለላ ከውስጥ የሚበላ አባጨጓሬ አለ። ጠላቱ ከላይ ሌባ ያልኳት ሃብሮብራኮን ናት። እዚያ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ትንሽ የጆንያ ከረጢት ውስጥ ጥቂት እህልና ዱቄት ይደረጋል፤ 25 ገደማ የኮርሲራ እጮችና 2 የተጠቁ ሴት ተርቦች ይጨመራሉ፤ ይታሰራል። ከረጢቱ መንደሩ ውስጥ ወይም ማሳው አጠገብ ይሰቀላል። ተርቦቹ እጮቹ ላይ እንቁላል ይጥላሉ፤ ልጆቻቸው በጆንያው ቀዳዳ ሾልከው በራሳቸው ጊዜ ይወጣሉ። የኮርሲራ እጮቹ ግን ትልቅ ስለሆኑ አያልፉም።

እንደ መሐንዲስ ሳየው ያስቀናኛል። ማርቢያው፣ ማሸጊያው፣ ማጓጓዣውና መልቀቂያው አንድ ዕቃ ነው። የጆንያው ቀዳዳ ማጣሪያ ነው። መብራት አይጠይቅም። በአካባቢው ያሉ ሰዎች ሠርተው ሊሸጡት ይችላሉ። ግን እዚህም አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ ተባዩ በሌለበት በበጋው ወር ሙሉ ኮርሲራውንና ተርቧን በሕይወት የሚያቆይ። የገበያው ጊዜ አጭር ነው፤ ሥራው ዓመቱን ሙሉ ነው። ከረጢቱ ፋብሪካውን አላጠፋውም፤ አሳነሰው እንጂ።

ወደ ገበሬው ጥያቄ

መጤ ተምቹ ኢትዮጵያ የገባው በ2017 ነው። በዚያው ዓመት የተደረገ ቅኝት የአገራችን ተርብ የሆነችው ኮቴሲያ ኢሲፔ አዲሱን ተባይ ማጥቃት መጀመሯን አሳየ፤ በተሰበሰቡት እጮች ላይ የተገኘው መጠን ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ ነበር። ማንም ሳያረባት! ይህ ለካርሰን ሐሳብ ትልቅ ድጋፍ ነው፤ መጀመሪያ ማድረግ ያለብን ያለችውን ተርብ በመርጨት አለመግደል ነው። ግን ገበሬው የሚጠይቀን ስለ ቀሪው ከግማሽ በላይ ነው። እዚያ ላይ ነው የማርቢያ ክፍሉ የሚያስፈልገው።

ካርሰን ችግሩን ጨርሶ አላዩም ማለት ግፍ ይሆናል። በሌላ ምዕራፍ በ1960 ከአሜሪካ የግብርና ነፍሳት ባለሙያዎች በተፈጥሮ ጠላቶች ላይ ይሠሩ የነበሩት 2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ጽፈዋል። ሰው እንደሚያስፈልግ ያውቁ ነበር። የጠየቁት ግን ሳይንቲስት ነው፤ ቴክኒሺያኑን፣ የማራገቢያ ጠጋኙን፣ እሑድ መጥቶ ነዳጅ የሚፈትሸውን ሰው አልጠየቁም። «ርካሽ» የሚለው ቃል እነዚህን ሰዎች ከበጀቱ ያስወጣቸዋል። በጀት የሌለው ሰው ደግሞ እሑድ አይመጣም።

መጽሐፉን አንብቡት። የመጨረሻውን ምዕራፍ ስትደርሱ ግን እርሳስ ያዙ፤ «ተለቀቀ» የሚል ባያችሁ ቁጥር ጎኑ ላይ ሦስት ጥያቄ ጻፉ፦ ማን አረባው? በምን መገበው? መብራት ሲጠፋ ማን ነበር? የመካኒካል፣ የኤሌክትሪክ ወይም የኬሚካል ምህንድስና ተማሪ ከሆናችሁ ደግሞ የነፍሳት ትምህርት የሌላ ክፍል ጉዳይ ነው ብላችሁ አትለፉት። ያ ገበሬ ለጠየቀው ጥያቄ ከሚያስፈልገው መልስ ግማሹ እናንተ ዘንድ ነው።

እኛ ጋ አሁን ሳጥኖቹ ጥልቀታቸው ቀንሷል፤ ዱቄቱ ሳሳ ብሎ ስለሚዘረጋ ሙቀቱ በራሱ ይወጣል። ከረጢቶችም መስፋት ጀምረናል። የነዳጁ ጀሪካን ላይ ደግሞ የሳምንቱ ተረኛ ስም ይለጠፋል።